ስድስት ሰዎች በአንዲት ጀልባ፦ የኧርነስት ሻክልተን ሕይወትና የደቡብ ባሕር ጉዞ

ክቡራትና ክቡራን፣

ዛሬ የምናገረው ስለ ሰር ኧርነስት ሻክልተን ነው። በ1874 ተወልዶ በ1922 ከሞተው ከዚህ የዋልታ አሳሽ ሕይወት ውስጥ ግን ሰፊውን ጊዜ የምሰጠው፣ ሰባት ሜትር የማትሞላ አንዲት የእንጨት ጀልባ በዓለም ላይ እጅግ ከሚፈሩት ባሕሮች አንዱን ላቋረጠችባቸው አሥራ ስድስት ቀናት ነው። ዓመታቱንና ወራቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ነገሩ የተፈጸመው በምድር ደቡባዊ አጋማሽ ስለሆነ እንደ እኛው አገር ዲሴምበር በጋ፣ ጁላይ ክረምት ነው፤ ልዩነቱ የዚያ ክረምት ዝናብ ሳይሆን ፀሐይ የማትወጣበት ጨለማና ውርጭ መሆኑ ነው።

ሻክልተን በአመራር ሥልጠናዎች ላይ ስሙ ሳይነሣ የማይቀር ሰው ሆኗል። «አንድም ሰው ሳይሞትበት ሁሉንም ወደ ቤታቸው የመለሰ መሪ» እየተባለ ይተረካል። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው፤ የቀረውን ግማሽ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። ከዚያ በፊት ግን ሰዎቹ የዳኑት በምን እንደ ሆነ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ታሪኩ በተደጋገመ ቁጥር የመሪው ድፍረት እየገዘፈ፣ ጀልባዋን ያበጀው አናጢና መንገዷን ያሰላው መርከበኛ እየደበዘዙ ሄደዋል። የሻክልተን ትልቁ ችሎታ፣ በእኔ ግምት፣ ማን ምን እንደሚችል ማወቁና ያንን ሰው በቦታው ማስቀመጡ ነበር። ትልቁ ጉድለቱም የታየው እዚያው ላይ ነው።

የተወለደው በአየርላንድ፣ በኪልዴር አውራጃ ሲሆን አባቱ እርሻቸውን ትተው ሕክምና የተማሩ ሰው ነበሩ። ቤተሰቡ ወደ ለንደን ከሄደ በኋላ ደሊች ኮሌጅ በተባለው ትምህርት ቤት ገባ፤ ነገር ግን ትምህርቱ ስላልሳበው በ16 ዓመቱ በንግድ መርከብ ላይ ተቀጠረ። መርከቡ በሸራ የሚሄድ ነበር። ከተራ ተለማማጅነት ተነሥቶ በ24 ዓመቱ ማንኛውንም የእንግሊዝ መርከብ በካፒቴንነት ለመምራት የሚያስችለውን የምስክር ወረቀት አገኘ። ይህን የምጠቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዘመኑ ከነበሩት የዋልታ ዝነኞች ብዙዎቹ ከባሕር ኃይል የመጡ ሲሆኑ እሱ ያደገው በንግድ መርከብ ላይ፣ ከልዩ ልዩ አገር ከመጡ ተራ መርከበኞች ጋር ነው።

ወደ አንታርክቲካ መጀመሪያ የሄደው ከ1901 ጀምሮ በሮበርት ስኮት መሪነት በዲስከቨሪ መርከብ ነው። በ1902 ማብቂያ ላይ ስኮት፣ ዊልሰንና ሻክልተን ወደ ደቡብ 82 ዲግሪ ከ17 ደቂቃ ኬክሮስ ደረሱ፤ በዚያን ጊዜ ከዚያ የራቀ ሰው አልነበረም። ሲመለሱ ሦስቱም ስከርቪ በተባለው፣ በቫይታሚን ሲ እጥረት በሚመጣው በሽታ ተይዘው ነበር፤ እጅግ የጠናበት ግን ሻክልተን ስለነበር ስኮት ያለ ፈቃዱ ወደ አገሩ ሰደደው። ከዚያ በኋላ ትኩስ ሥጋ ለሰዎቹ እንዳይጓደል አጥብቆ የሚጠነቀቅ ሰው ሆነ።

በ1907 የራሱን ጉዞ ኒምሮድ በተባለች አሮጌ መርከብ አዘጋጀ። ጃንዋሪ 9፣ 1909 እሱና ሦስት ባልደረቦቹ 88 ዲግሪ ከ23 ደቂቃ ላይ ቆሙ። ደቡብ ዋልታ 180 ኪሎ ሜትር ብቻ ቀርቶታል። ቢገፉ እንደሚደርሱ፣ ከደረሱ ግን ስንቃቸው ለመመለሻ እንደማይበቃ ያውቅ ነበርና ፊቱን አዞረ። ለሚስቱ ለኤሚሊ «ከሞተ አንበሳ በሕይወት ያለ አህያ ይሻላል» ማለቱ ይታወቃል። መጽሐፈ መክብብን ላነበበ ሰው አነጋገሩ እንግዳ አይሆንም፤ እዚያ ላይ ያለው ውሻ ነው እንጂ። በዚያው ዓመት የሰርነት ማዕረግ ተሰጠው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ኖርዌያዊው አሙንድሰን ዋልታውን ቀድሞ ረገጠ፤ ስኮትም ከአንድ ወር በኋላ ደርሶ በመልሱ ጉዞ ከአራት ባልደረቦቹ ጋር ሞተ።

ዋልታው ከተያዘ ለሻክልተን የቀረው አህጉሩን ከባሕር እስከ ባሕር ማቋረጥ ነበር። ዕቅዱ እንዲህ ነው፦ ኢንዱራንስ የተባለችው መርከብ በዌዴል ባሕር በኩል ታወርደዋለች፤ ከዚያ በውሻ ተንሸራታች በዋልታው አልፎ 2,900 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሮስ ባሕር ይደርሳል፤ ኦሮራ በተባለች ሁለተኛ መርከብ የሚሄድ ሌላ ቡድን ደግሞ ከሮስ ባሕር ተነሥቶ ለመንገዱ ሁለተኛ አጋማሽ የሚሆን ስንቅ በየቦታው ያስቀምጣል። ሊነሡ ሲሉ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ሻክልተን መርከቡንና ሰዎቹን ለመንግሥት ለመስጠት ቢጠይቅም ከባሕር ኃይል ሚኒስትሩ ከቸርችል የመጣለት መልስ «ቀጥሉ» የሚል የአንድ ቃል ቴሌግራም ነበር።

ኢንዱራንስ በኖርዌይ የተሠራች፣ 44 ሜትር ርዝመት ያላት ጠንካራ መርከብ ነበረች። ሆኖም ስትሠራ የታሰበችው ሀብታም አዳኞችን በበረዶው ዳርቻ ለማንሸራሸር እንጂ በበረዶ መካከል ክረምቱን ለመክረም አልነበረም። የኖርዌያዊው አሳሽ የናንሰን መርከብ ፍራም ሆዷ ክብ ስለሆነ በረዶ ሲጨምቃት ወደ ላይ ትወጣ ነበር፤ የኢንዱራንስ ቅርጽ ግን እንደዚያ አልነበረም። ዌዴል ባሕር ደግሞ ውሃው በሰዓት አቅጣጫ እየዞረ በረዶውን ከምዕራብ ካለው ረጅም የአንታርክቲካ ልሳነ ምድር ጋር የሚያላትም ባሕር ነው። ዲሴምበር 5፣ 1914 ከደቡብ ጆርጂያ ደሴት የተነሣችው መርከብ ለማረፊያው የአንድ ቀን ጉዞ ሲቀራት፣ በጃንዋሪ 1915 በበረዶ ተያዘች፤ ዳግመኛም አልተፈታችም።

28 ሰዎች ከበረዶው ጋር አሥር ወር ወደ ሰሜን ተንሳፈፉ። ኦክቶበር 27 ላይ ጎኗ እየተሰነጠቀ መጣና ለቀቋት፤ ኖቬምበር 21 ሰጠመች። ከዚያ በኋላ ቤታቸው ከሥሩ ባሕር ያለበት በረዶ ሆነ። የሚበሉት አቆስጣ የሚባለውን የባሕር እንስሳና ፔንግዊን ነበር፤ የሚያነድዱትም የአቆስጣውን ስብ ነው። ትኩስ ሥጋው ሻክልተን የሚያውቀውን በሽታ አራቀላቸው። ውሾቹን ግን የሚመግቡበት ሲጠፋ ገደሏቸው፤ የመጨረሻዎቹንም በሏቸው። አናጢው የሚወዳትና ሁሉም ሚስዝ ቺፒ የሚሏት ድመትም ገና መርከቧን በለቀቁ ሰሞን በሻክልተን ትእዛዝ ተገደለች። እንስት ብለው ቢጠሯትም ድመቷ በእርግጥ ወንድ ነበረች።

አናጢው ሃሪ ማክኒሽ ስኮትላንዳዊ ነው፤ በዕድሜ ከቡድኑ ሁሉ የሚበልጥ ወይም ከአንጋፋዎቹ አንዱ የነበረ፣ ለማንም የማያጎበድድ ሰው። በዲሴምበር 1915 ሻክልተን ጀልባዎቹን በሰው ትከሻ በበረዶ ላይ አስጎትቶ ወደ ምዕራብ ለመሄድ ሲሞክር ማክኒሽ አልንቀሳቀስም አለ። ክርክሩ የሕግ ክርክር ነበር፦ የቅጥር ውሉ ከመርከቧ ጋር አብሮ ሰጥሟል፣ ስለዚህ ትእዛዝ የመቀበል ግዴታ የለብኝም ነው የሚለው። ሻክልተን ሰዎቹን ሰብስቦ ውሉን በማንበብ ግዴታው እንዳልተቋረጠ፣ ደመወዛቸውም እንደሚቀጥል አስረዳ፤ አመፁም በዚያው በረደ። ማክኒሽ ግን ጉተታው ጀልባዎቹን ይጎዳል ብሎ ነበር፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሻክልተን ራሱ ጉተታው እንደማያዋጣ አይቶ አቆመው። አለቃው እምቢታውን አልረሳም።

በረዶው ተበጣጥሶ ከሥራቸው ሲሰነጠቅ፣ ኤፕሪል 9፣ 1916 በሦስት ጀልባዎች ተሳፈሩ። ስድስት ቀን ያህል እንቅልፍና የሚጠጣ ውሃ አጥተው፣ በውርጭ ተገርፈው ኤፕሪል 15 ኤሌፋንት ደሴት ደረሱ። ጠንካራ መሬት ከረገጡ 497 ቀናት ሆኗቸው ነበር። ደሴቲቱ ግን ድንጋይና በረዶ ናት፤ መርከብ አያልፍባትም፤ እዚያ እንዳሉም በዓለም ላይ የሚያውቅ ሰው የለም። አንድ ሰው ሄዶ እርዳታ ካላመጣ በቀር ሁሉም እዚያው ያልቃሉ።

ወዴት ይሂድ የሚለው ጥያቄ ላይ ቆም ማለት እወዳለሁ። በካርታ ላይ ሲታይ የደቡብ አሜሪካ ጫፍና የፎክላንድ ደሴቶች ይቀርባሉ፤ ደቡብ ጆርጂያ 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በዚያ ኬክሮስ ግን ነፋሱና ማዕበሉ ምድርን ዙሪያዋን የሚያግዳቸው መሬት ስለሌለ ዓመቱን ሙሉ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነጉዳሉ። በትንሽ ጀልባ ያንን ነፋስ ተቃውሞ ወደ ምዕራብ መሄድ አይቻልም። ስለዚህ ቅርቡን ትተው ነፋሱ ወደሚገፋበት ሩቁ ደሴት ለመሄድ ቆረጡ፤ በዚያ የኖርዌይ ሰዎች የዓሣ ነባሪ ማደኛ ጣቢያዎች ነበሯቸው። አደጋው ደግሞ ሌላ ነው። ደሴቲቱ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ብትኖራትም በዚያ ውቅያኖስ ውስጥ ኢምንት ናት። ከሳቷት መመለሻ የለም፤ ነፋሱ ወደ ሰፊው የደቡብ አትላንቲክ ይወስዳቸዋል።

ከሦስቱ ጀልባዎች የተመረጠችው ጄምስ ኬርድ የተባለችው፣ ስድስት ሜትር ከ90 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያላት ናት። ክፍት ጀልባ ስለሆነች ማዕበል ቢገባባት ወዲያው ትሞላለች። እዚህ ላይ የማክኒሽ እጅ ይታያል። ገና በበረዶው ላይ ሳሉ ጠርዟን በእንጨት ከፍ አድርጎት ነበር፤ አሁን ደግሞ የሌላይቱን ጀልባ የሸራ ምሰሶ ወስዶ ከወገቧ እንዳትሰበር በሆዷ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር አሰረው። የተንሸራታች እግሮችንና የሣጥን ክዳኖችን አጋጥሞ ማገር ሠራ፤ በላዩ ላይ ሸራ ወጠረ። ሸራው እንደ ቆርቆሮ ስለደረቀ መርከበኞቹ በስብ እሳት ላይ እያሟሟቁ ነበር መርፌ የሚያስገቡበት። የእንጨቱን ስንጥቅ የሚደፍንበት ነገር ስላልነበረ የመብራት ክር አስገብቶ፣ ከጉዞው ሠዓሊ ከጆርጅ ማርስተን ሣጥን የተገኘውን የሥዕል ቀለምና የአቆስጣ ደም ቀባበት። እንግዲህ ይህ ጣሪያ ባይኖር ኖሮ ቀጥሎ የምነግራችሁ ሁሉ የሚተረክ ነገር አይሆንም ነበር።

ሻክልተን ከእሱ ጋር አምስት ሰዎችን መረጠ። የኢንዱራንስ ካፒቴን የነበረው ኒውዚላንዳዊው ፍራንክ ዎርስሊ መንገድ ለማስላት፣ አየርላንዳዊው ቶም ክሪን ለጽናቱ፣ ሌላው አየርላንዳዊ ቲሞቲ ማካርቲ ለመርከበኝነቱና ለማይጠወልግ ደስተኛነቱ ገቡ። ማክኒሽና ጆን ቪንሰንት የተመረጡት በሁለት ምክንያት ነው፦ አንደኛ ሁለቱም ሥራቸውን የሚያውቁ ናቸው፤ ሁለተኛ ተስፋ በቆረጡ ሰዎች መካከል ቢቀሩ ብጥብጥ ያነሣሉ ተብሎ ተፈርቷል። በደሴቲቱ የሚቀሩትን 22 ሰዎች ለምክትሉ ለፍራንክ ዋይልድ አደራ ሰጠ።

ኤፕሪል 24 ሲነሡ ስንቁ የአራት ሳምንት ብቻ ነበር፤ ሻክልተን በአራት ሳምንት ካልደረስን አንደርስም ብሎ ከዚያ በላይ አልጫነም። ጀልባዋ እንዳትገለበጥ አንድ ቶን ያህል ድንጋይና ጠጠር በሆዷ ተደረገ። ከሁለቱ የውሃ በርሜሎች አንዱ ሲጫን ከዓለት ጋር ተጋጭቶ የባሕር ውሃ ገባበት፤ ይህን ያወቁት በጉዞው ማብቂያ ላይ፣ ጥም ጉሮሯቸውን ሲዘጋው ነው።

በጀልባዋ ውስጥ የነበረው ኑሮ እንዲህ ነበር። ሦስቱ ሲሠሩ ሦስቱ ይተኛሉ፤ በየአራት ሰዓቱ ይፈራረቃሉ። ከሠራተኞቹ አንዱ መሪውን ይይዛል፣ አንዱ ሸራውን ይጠብቃል፣ ሦስተኛው የገባውን ውሃ እየቀዳ ያፈሳል። የሚተኛው ሰው ከማገሩ ሥር በሆዱ እየተሳበ በጠጠሩ ላይ አልፎ ወደ ጀልባዋ አፍንጫ ይገባና በረጠበ የአጋዘን ቆዳ ውስጥ ይጋደማል፤ ዎርስሊ አንድ ጊዜ ሲነቃ በሕይወቱ የተቀበረ መስሎት እንደ ነበር ጽፏል። ቆዳዎቹ እየበሰበሱ ጠጉራቸው ይረግፍ ነበር፤ ጠጉሩ በምግቡም፣ በውሃ መቅጃውም፣ በአፋቸውም ይገባል። ከመጠን በላይ የከበዱትን ሁለቱን ወደ ባሕር ጣሏቸው። ጨዋማው ውሃ ያራሰው ልብስ ጭናቸውን ልጦት ነበር።

ምግቡ የሚበስለው በነጭ ጋዝ በሚሠራ አነስተኛ ምድጃ ነው። አብሳዩ ብዙ ጊዜ ክሪን ሲሆን እሱና ሌላ ሰው ትይዩ ተቀምጠው ምድጃውን በእግራቸው መካከል ያጣብቁታል፤ ድስቱ ማዕበል በመጣ ቁጥር ከእሳቱ ከፍ ይደረጋል። ደረቅ ሥጋ፣ ስብ፣ አጃ፣ ስኳርና ጨው ተቀይጦ የተጠፈጠፈው ስንቅ በፈላ ውሃ ይበጠበጥና እየፋጀ ይጠጣል። ሻክልተን ትኩስ ነገር በሰዓቱ እንዳይዘገይ በጥብቅ ይቆጣጠር ነበር። ከዎርስሊ ትረካ የማልረሳው አንድ ነገር አለ፦ ሻክልተን አንዱ ሰው ከልክ በላይ ሲንቀጠቀጥ ሲያይ ለሁሉም ትኩስ ወተት እንዲፈላ ያዝዛል እንጂ ለዚያ ሰው ብቻ አይሰጠውም፤ ሰውየው ለእኔ ሲባል ነው ብሎ እንዳይሸማቀቅና ራሱን እንደ ደከመ እንዳይቆጥር ነው። ክሪን ደግሞ መሪውን ሲይዝ ሁልጊዜ ያንጎራጉር ነበር፤ ዜማው ምን እንደሆነ ግን ማንም ሊያውቅ አልቻለም።

አሁን ወደ ዎርስሊ ሥራ ልምጣ። በባሕር ላይ የት እንዳሉ ለማወቅ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፦ ፀሐይ ከአድማስ በላይ ምን ያህል ከፍ እንዳለች ሴክስታንት በተባለው የማዕዘን መለኪያ መለካትና ልኬቱ የተወሰደበትን ቅጽበት በትክክለኛ ሰዓት ማወቅ። በመርከብ ወለል ላይ ይህ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። በጄምስ ኬርድ ላይ ግን ጀልባዋ በሁለት ማዕበል መካከል ስትወርድ አድማሱ ይጠፋል፤ የሚታየው የውሃ ግድግዳ ብቻ ነው። ስለዚህ ዎርስሊ ተንበርክኮ፣ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ደግፈውት፣ ጀልባዋ ወደ ማዕበሉ ጫፍ ስትወጣ ፀሐይንና አድማሱን አጋጥሞ ይጮኻል፤ ሻክልተን ከማገሩ ሥር ሆኖ ሰዓቱን ይመዘግባል። በልኬቱ ላይ የአንድ ደቂቃ፣ ማለትም የዲግሪ አንድ ስድሳኛ፣ ስሕተት በኬክሮስ 1.85 ኪሎ ሜትር ያሳስታል፤ ሰዓቱ አራት ሴኮንድ ቢዛነፍ ደግሞ በዚያ አካባቢ በኬንትሮስ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ያስታል። ክሮኖሜትር ከሚባሉት 24 የኢንዱራንስ ትክክለኛ የባሕር ሰዓቶች እስከዚያ ድረስ በደኅና ይሠራ የነበረው አንድ ብቻ ነው። የስሌት ሰንጠረዦቹ ገጾች ረጥበው እርስ በርስ ተጣብቀዋል። በዚህ ሁሉ ላይ ሰማዩ ደመና ነው፤ በጉዞው ሁሉ ፀሐይን ሊለካ የቻለው አራት ጊዜ ብቻ ነበር። በቀረው ጊዜ ፍጥነትን፣ አቅጣጫንና ነፋስን እያመዛዘነ በግምት ነው ያሰላው።

ከሳምንት በኋላ ብርዱ ጠነከረና በጀልባዋ ላይ የሚረጨው ውሃ ሁሉ ወዲያው ወደ በረዶ ይለወጥ ጀመር። በሸራው ጣሪያ ላይ የተጋገረው በረዶ ከስንዝር በላይ ወፈረ፤ ጀልባዋም እየከበደች ወደ ታች ሄደች። በየተራ በሚያንሸራትተው ጣሪያ ላይ በልባቸው ተኝተው፣ በአንድ እጅ ይዘው በአንድ እጅ በመጥረቢያ ጠረቡት። አንድ ሰው ቢወድቅ ሊያነሡት አይችሉም ነበር። መጥረቢያው ሸራውን ቢቀድደው ደግሞ ሁሉም ይሰጥማሉ።

ሜይ 5 እኩለ ሌሊት ላይ መሪውን የያዘው ሻክልተን ከኋላው በሰማይ ላይ ነጭ መስመር አየና ሰማዩ እየጠራ ነው ብሎ ለባልደረቦቹ አበሠረ። ወዲያው ግን ያየው የጠራ ሰማይ ሳይሆን የአንድ ግዙፍ ማዕበል አረፋ መሆኑን ተረዳ። በ26 ዓመት የባሕር ሕይወቱ እንዲያ ያለ እንዳላጋጠመው ጽፏል። ማዕበሉ አንሥቶ ወረወራቸው፤ ጀልባዋ እስከ አፏ ሞላች፤ በእጃቸው በገባው ዕቃ ሁሉ እየቀዱ ከሞት አተረፏት። የማክኒሽ ማገርና ሸራ የተፈተነው በዚያች ሌሊት ነው።

ዎርስሊ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ልሳሳት እችላለሁ ብሎ ስላስጠነቀቀ፣ ሰው ወዳለበት ሰሜናዊ ዳርቻ በቀጥታ ለመሄድ አልደፈሩም፤ በዚያ በኩል ቢስቱ ደሴቲቱን አልፈው ይነጉዳሉ። ሰው የሌለበትን ምዕራባዊውን ዳርቻ ዒላማ አደረጉ። ሜይ 8 የባሕር ሣርና ከየብስ ብዙ የማይርቁ ወፎች ታዩ፤ ከቀትር በኋላ ጥቁር ገደል ብቅ አለ። ነገር ግን ወዲያው የተነሣው ከባድ አውሎ ነፋስ ከዓለቱ ጋር ሊያላትማቸው ሌሊቱንና ማግሥቱን ሲታገላቸው ዋለ። ሜይ 10 ምሽት በመጨረሻ ኪንግ ሃኮን ወሽመጥ ገቡ፤ መጀመሪያ ያገኙት የምንጭ ውሃ ነበር፤ ተንበርክከው ጠጡ። ሲያርፉ የተነቀለው የጀልባዋ መሪ ከቀናት በኋላ በሞገዱ ተገፍቶ እዚያችው ጠባብ ጥግ መጣላቸው፤ ሰፊ ውቅያኖስ ሳለ ወደዚያች ጥግ መመለሱን ሳስብ አሁንም ያስገርመኛል።

ማክኒሽና ቪንሰንት ደክመዋል፤ ጀልባዋም ከዚያ በላይ ባሕር አትችልም። የሰው መኖሪያ ያለው በደሴቲቱ ማዶ ነው፤ በመካከሉ ያለውን ተራራና ግግር በረዶ ማንም አቋርጦት አያውቅም፤ በካርታ ላይም ባዶ ነበር። ማክኒሽ ከጀልባዋ ብሎኖች ነቅሎ እንዳያንሸራትታቸው በጫማቸው ሥር አሰረላቸው። ሜይ 19 ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሻክልተን፣ ዎርስሊና ክሪን 15 ሜትር ገመድና የአናጢውን መጥረቢያ ይዘው ተነሡ። ከአንድ ተረተር ላይ ምሽቱና ጉሙ ሲደርስባቸው ቆመው ቢያድሩ እንደሚሞቱ ስላወቁ፣ ገመዱን ጠቅልለው በላዩ ላይ አንዱ ከአንዱ ኋላ ተቀምጠው ታቹ የማይታየውን ቁልቁለት ተንሸራተቱ፤ በደኅና አረፉ። ሌሊት ላይ ሁለቱ እንቅልፍ ሲጥላቸው ሻክልተን አምስት ደቂቃ ቆይቶ ቀሰቀሳቸውና ግማሽ ሰዓት ተኝታችኋል አላቸው። ሜይ 20 ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የስትሮምነስ ጣቢያ ሠራተኞችን ወደ ሥራ የሚጠራው የፋብሪካ ፉጨት ተሰማ። 36 ሰዓት ከተጓዙ በኋላ በጣቢያው ኃላፊ በቶራልፍ ሶርለ በር ቆሙ። ሻክልተን ጦርነቱ መቼ እንዳበቃ ጠየቀ፤ የመለሱለት አላበቃም፣ ሚሊዮኖች እየሞቱ ነው ብለው ነው።

ከማዶ የቀሩትን ሦስቱን ዎርስሊ በማግሥቱ በመርከብ ሄዶ አመጣቸው፤ ተላጭቶና ታጥቦ ስለነበር መጀመሪያ ላይ አላወቁትም። ጄምስ ኬርድም አብራ መጣች፤ ዛሬ በደሊች ኮሌጅ ትገኛለች። ኤሌፋንት ደሴት መድረስ ግን እንደታሰበው አልሆነም። ከደቡብ ጆርጂያ፣ ከኡራጓይና ከቺሌ በተገኙ መርከቦች ሦስት ጊዜ ተሞክሮ በረዶ መለሳቸው። በአራተኛው የቺሌ ባሕር ኃይል የልቾ የተባለችውን ትንሽ መርከብ ከካፒቴኗ ከሉዊስ ፓርዶ ጋር ሰጣቸው፤ ኦገስት 30፣ 1916 ደረሱ። 22ቱም በሕይወት ነበሩ። አራት ወር ከግማሽ የኖሩት በዝቅተኛ የድንጋይ ካብ ላይ በተደፉ ሁለት ጀልባዎች ሥር ነው። በዚያች ጨለማ ጎጆ ውስጥ ሐኪሞቹ ክሎሮፎርም ሰጥተው፣ በውርጭ የሞተውን የወጣቱን የፐርስ ብላክቦሮን የግራ እግር ጣቶች ቆርጠዋል። ብላክቦሮ ከቦነስ አይረስ ተሸሽጎ የተሳፈረ ልጅ ነበር። ዋይልድ በየማለዳው አለቃው ዛሬ ሊመጣ ይችላልና ዕቃችሁን ሸክፉ እያለ ያስነሣቸው ነበር።

እንግዲህ ያልኩት ቀሪው ግማሽ ይህ ነው። ከሮስ ባሕር በኩል የሄደው ቡድን መርከቡ ኦሮራ በሜይ 1915 በማዕበል ተነቅላ በበረዶ ስትወሰድ፣ አሥር ሰዎች በቂ ልብስና ስንቅ ሳይወርድላቸው በባሕሩ ዳር ቀሩ። ሻክልተን በወዲያኛው በኩል ጭራሽ መሬት እንዳልረገጠ አያውቁምና፣ ይመጣል ብለው ስንቁን እስከ ተባለው ቦታ አደረሱለት። ማንም አልበላውም። አርኖልድ ስፔንሰር ስሚዝ በስከርቪ ሞተ፤ መሪው ኢኒያስ ማኪንቶሽና ቪክቶር ሄይዋርድ በቀጭን የባሕር በረዶ ላይ ሲሻገሩ ጠፉ። ሻክልተን የተረፉትን ለማንሣት በጃንዋሪ 1917 እዚያ ደረሰ። ጉዞው የእሱ፣ ዕቅዱም የእሱ ነበርና የእነዚህን ሦስት ሰዎች ሞት ከሒሳቡ አውጥቶ «አንድም ሰው አልሞተበትም» ማለት ትክክል አይመስለኝም።

ሁለተኛው ጉዳይ ሜዳልያው ነው። ለጉዞው አባላት የዋልታ ሜዳልያ ሲሰጥ አራት ሰዎች ተከለከሉ፤ ሁለቱ በጄምስ ኬርድ የነበሩት ማክኒሽና ቪንሰንት ናቸው። የማክኒሽ ጥፋት በበረዶው ላይ የተናገረው ነው። ጀልባዋን የሠራ ሰው፣ በጀልባዋም ውስጥ ያንን ሁሉ የታገሠ ሰው፣ ለአንድ ቀን እምቢታ ይህ ሊደርስበት አይገባም ነበር፤ ባልደረቦቹም ፍርዱ ትክክል አይደለም ያሉ ነበሩ። ማክኒሽ በ1930 በኒውዚላንድ ዋና ከተማ በዌሊንግተን፣ በድሆች መጦሪያ ሞተ። በ2004 በመቃብሩ ላይ የሚስዝ ቺፒ የነሐስ ምስል ተተክሎለታል።

ማካርቲ ገና ከጉዞው በተመለሰ በዓመቱ በጦርነቱ ባሕር ላይ ተገደለ። ክሪን ወደ አየርላንድ ተመልሶ በትውልድ መንደሩ መጠጥ ቤት ከፈተ፤ በ1938 ሞተ። ሻክልተን ግን በየብስ ኑሮ አልሆነለትም፤ ዕዳ በዕዳ ሆኖ በንግግር ገቢ ይተዳደር ነበር። በ1921 ኩዌስት በተባለች መርከብ ከብዙዎቹ የቀድሞ ባልደረቦቹ ጋር እንደገና ወደ ደቡብ ሄደ። ጃንዋሪ 5፣ 1922 ደቡብ ጆርጂያ በደረሰ በማግሥቱ ሌሊት፣ በ47 ዓመቱ የልብ ድካም ገደለው። አስከሬኑ ወደ እንግሊዝ ጉዞ ጀምሮ ሳለ ሚስቱ እዚያው ይቀበር ስላለች በግሪትቪከን ከዓሣ ነባሪ አዳኞቹ መካነ መቃብር ተቀበረ።

ዎርስሊ መርከቧ የሰጠመችበትን ቦታ በማስታወሻው አስፍሮ ነበር። በማርች 2022 ከደቡብ አፍሪካ በተነሣች አጉላስ 2 በተባለች በረዶ ሰባሪ መርከብ የሄዱ ተመራማሪዎች ኢንዱራንስን በ3,008 ሜትር ጥልቀት አገኟት፤ ከኋላዋ በኩል ስሟ አሁንም ይነበባል። ፍለጋውን የጀመሩት ከዎርስሊ ቁጥሮች ሲሆን መርከቧ የተገኘችውም እሱ ከመዘገበው ቦታ ከ7 ኪሎ ሜትር ብዙ ሳትርቅ ነው። ልዩነቱ በአመዛኙ የመጣው መርከቧ በሰጠመች ዕለት ሰማዩ ደመና ስለነበረና ዎርስሊ ፀሐይን ሊለካ የቻለው በማግሥቱ ስለነበረ፣ እስከዚያ ድረስ በረዶው ከነሰፈራቸው ስለተጓዘ ነው።

አመሰግናለሁ።